ሺታ ያለው የፒዮንግያንግ ምግብ ቤት፦ ገብተን እንብላ ወይስ እንለፈው?

ጥያቄውን አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የለጠፈው ሼንያንግ የሚማር ልጅ ነው። ሼንያንግ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ያለች ትልቅ ከተማ ናት፤ ሺታ የሚባል የኮሪያውያን ሰፈር አላት። እዚያ ሰፈር የሰሜን ኮሪያ መንግሥት እጁ ያለባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። አስተናጋጆቹ ከፒዮንግያንግ የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ሳህን ሲያመላልሱ ያመሹና መድረክ ላይ ወጥተው ይዘፍናሉ። የልጁ የክፍል ጓደኞች የአንዱን ልደት እዚያ ሊያከብሩ ቀጠሮ ይዘዋል። እሱ ግን ልቡ ለሁለት ተከፍሏል። አንድ ሳህን ኑድል መብላት አምባገነን መደገፍ ነው ወይስ እራት ብቻ ነው? የገባ ሰው ካለ እንዲነግረው፣ ያልገባም ቢሆን ሐሳቡን እንዲሰጠው ጠየቀ።

ክሩ፣ ማለትም ከጥያቄው ሥር የተደረደረው መልስ፣ ረጅም ሆነ። ሁሉንም አንብቤዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ እኔም እጄን አስገብቻለሁ። ቁጭ ብሎ ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው በተራ በተራ ልንገረው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛው መልስ ጨዋ ነው። የጻፈችው ሴት ካምቦዲያ፣ ፕኖም ፔን ውስጥ ስትሠራ ከባልደረቦቿ ጋር ገብታ ታውቃለች። የጀመረችው ከምግቡ ነው። በዚህ ደስ አለችኝ፤ ከእሷ በኋላ ምግቡን ያስታወሰ ሰው ጥቂት ነው። ያዘዘችው ኔንግምዮን ነበር፤ ፒዮንግያንግ የምትታወቅበት ቀዝቃዛ ኑድል። ባክዊት ከሚባል እህል የሚሠራ ነው፤ ቀለሙ ወደ ሰርገኛ ጤፍ ይሄዳል። ጎድጓዳ የብረት ሳህን ውስጥ ሆኖ ይመጣል። መረቁ ስስ በረዶ ይዟል። ላዩ ላይ ጥቂት የበሬ ሥጋ፣ ኪያር፣ የፒር ፍሬ ስንጣሪና የተቀቀለ እንቁላል ግማሹ አለ። አስተናጋጇ መቀስ ይዛ መጣችና ኑድሉን እዚያው ሳህኑ ውስጥ ቆረጠችላት። ኮምጣጤውን መረቁ ላይ አላፈሰሰችውም። ኑድሉን በቾፕስቲክ ከፍ አድርጋ እሱ ላይ አንጠባጠበችው። ከዚያ በሰናፍጭ አሸችው፣ ሳህኑን ወደ እንግዳዋ ገፋ አደረገችና ሄደች። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድ ቃል አልተናገረችም፤ ፈገግታዋ ግን አልጠፋም።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን መብራቱ ተቀየረ። ያቺው ኮምጣጤ ያንጠባጠበችው ልጅ በረጅም ባህላዊ ቀሚስ ብቅ አለች፤ አኮርዲዮን አንግታለች። ሌላዋ ከበሮ፣ ሌላዋ ኤሌክትሪክ ጊታር ይዛለች። ጨዋታቸው እንከን የለውም። ቤቱ ሰው ሠራሽ አበባ ይሸጣል፤ የወደደ እንግዳ ገዝቶ ለዘፋኟ ይሰጣል። አበባው ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ መሸጫው ይመለሳል። ይቺን ነገር ያስተዋለችው አንድ ሰውዬ የሰጡትን እቅፍ በሚቀጥለው ጠረጴዛ ሌላ ሰው ሲገዛው አይታ ነው። ፎቶ ለማንሳት ስልኳን ስታወጣ ግን አንዷ በእጇ ጋርዳ አስቀመጠቻት። ሴትየዋ ምክር አልሰጠችም። ምግቡ ጥሩ ነበር፣ ስወጣ ግን ከብዶኝ ነበር በሚል መንፈስ ዘጋችው።

2ኛው ሰው ወዲያው ወደ ራሱ ጉዳይ ገባ። የጾም ምግብ ይገኛል ወይ? የውሻ ሥጋ ይቀርባል ሲባል ሰምቷልና ሳያውቅ እንዳይበላ ፈርቷል። አንዳንዶች ሳቁበት፤ እኔ ግን ጥያቄው ተገቢ ነው ባይ ነኝ። 3ኛው በደንብ መለሰለት። መረቁ ከሥጋ የሚወጣ ስለሆነ ለጾም አይሆንም። የውሻ ሥጋ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ግን ራሱን ችሎ የሚታዘዝ ውድ ምግብ ነው እንጂ ኑድል ውስጥ ተደብቆ አይመጣም። ለጾመኛ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ)፣ ድንች፣ አትክልት አለ፤ ኪምቺው (በቅመም የተብላላው ጎመን) ውስጥ የዓሣ ነገር ስለሚገባ እሱንም ጠይቅ አለው። ቀጥሎ 1ኛዋን በቀስታ አረማት፤ ኑድሉ የረጅም ዕድሜ ምኞት ስለሆነ በመቀስ ማስቆረጡን የማይወዱ አሉ። በኤፕሪል 2018 የሁለቱ ኮሪያ መሪዎች ድንበራቸው ላይ ባለችው ፓንሙንጆም ሲገናኙ የሰሜኑ መሪ ኪም ጆንግ ኡን ይህንኑ ኑድል ኦክሪዩግዋን ከሚባለው የፒዮንግያንግ ምግብ ቤት እንዳስመጣ አስታወሰ። በዚያ ቀን ሴኡል ውስጥ ኔንግምዮን ቤቶች በር ላይ ሰልፍ ተሠርቶ ነበር። ሆድ ከፖለቲካ ይቀድማል የሚል ቀልድ ጨምሮበታል።

እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር።

4ኛው መጥቶ ድምፁን ከፍ አደረገ። እዚያ ቤት የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ ኒውክሌር ይሆናል፣ ስለዚህ የሚበላ ሰው ተባባሪ ነው አለ። ለልደት ሌላ ቤት ጠፋ ወይ ብሎም ልጁን ነካ አደረገው። 5ኛው ነጋዴ ነው መሰለኝ፣ ሒሳቡን ቀዝቀዝ አድርጎ አስቀመጠው። ብዙ ጊዜ ቤቱና ካፒታሉ የአገሬው ሸሪክ ነው። ፒዮንግያንግ የምታቀርበው ሰው ነው፦ አስተናጋጅ፣ ወጥ ቤት፣ ሥራ አስኪያጅ። ከዚያ በዓመት የተወሰነ ገንዘብ ወደ አገር ቤት መላክ ግዴታ ነው፤ ለአንድ ቤት ከ10 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዶላር እንደሚሆን ተዘግቧል። ያን መሙላት ያቃተው ቤት ይዘጋል። ገንዘቡ ለመንግሥት መሄዱን አልካደም። ግን በአንድ ሳህን ኑድል ሚሳይል አይተኮስም፤ ማጋነኑ ክርክሩን ያበላሸዋል ብሎ አለፈ።

6ኛው የሕግ ሰው ይመስላል። የጸጥታው ምክር ቤት በዲሴምበር 2017 ያጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 2397 አገሮች በግዛታቸው ገቢ የሚያገኙ የሰሜን ኮሪያ ሠራተኞችን በ24 ወር ውስጥ እንዲመልሱ ያዛል። ቀነ ገደቡ ዲሴምበር 22 ቀን 2019 ነበር። ከዚያ ጥቂት ወር ቀደም ብሎ የወጣው 2375 ደግሞ ከሰሜን ኮሪያ ጋር በሽርክና መነገድን ከልክሏል። ካምቦዲያ ጊዜው ሊያልቅ ሲል ምግብ ቤቶቹን ዘጋች። 1ኛዋ የበላችበት ቤት ያኔ አብሮ እንደሄደ መገመት ይቻላል። ሲየም ሪፕ ውስጥ በ2015 የተከፈተው የአንኮር ፓኖራማ ሙዚየምም ተዘጋ፤ እሱን የሠራው ማንሱዴ የሚባለው የፒዮንግያንግ የሥዕልና የሐውልት ድርጅት ነው። ቻይና ውስጥ ግን ሁሉም አልተዘጉም። ሼንያንግና ዳንዶንግ ውስጥ ከቀነ ገደቡ በኋላም የሚሠሩ አሉ። ስለዚህ ልጁ ገብቶ ቢበላ ሕገ ወጥ ቦታ በላ ማለት ነው ሲል ደመደመ።

መደምደሚያውን 7ኛው አፈረሰበት። ውሳኔው የታዘዘው ለመንግሥታት ነው። የኑድል ሒሳብ የከፈለ ተማሪ የጣሰው ነገር የለም። ለዜጎቹ አትግቡ ብሎ በግልጽ የመከረው የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ነው፤ እሱም በ2016 መጀመሪያ፣ ከኒውክሌር ሙከራው በኋላ። ያ ምክር ሲወጣ ቤቶቹ ክፉኛ ተጎድተዋል፤ ምክንያቱም ከውጭ እንግዶች ዋናዎቹ ደንበኞች ራሳቸው ደቡብ ኮሪያውያን ነበሩ። በቋንቋቸው የሚያስተናግዷቸውን፣ ሄደው የማያዩትን ወገን የሚያዩት እዚያ ነበርና። ይቺን ነጥብ ወድጃታለሁ። ለእኛ ጉድ ማያ የሆነው ቤት ለአንዳንዱ ደንበኛ የዘመድ ቤት ነው።

8ኛው ስለ ኒንግቦ ጻፈ። በኤፕሪል 2016 ኒንግቦ ከምትባለው የቻይና ከተማ የአንድ የሰሜን ኮሪያ ምግብ ቤት ሥራ አስኪያጅ 12 አስተናጋጆች ይዞ ሴኡል ገባ። ደቡቡ በፈቃዳቸው መጡ አለ፣ ሰሜኑ ተጠለፉብኝ አለ። 8ኛው የደቡቡን ይዞ የነጻነት ታሪክ አድርጎ ጻፈው። ከሥሩ ሌላ ሰው ያልተቆጠረች አጭር እርማት ጨመረ። በ2018 ሥራ አስኪያጁ ራሱ ሴቶቹ ወዴት እንደሚሄዱ በትክክል እንዳልተነገራቸው ተናግሯል። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የሰሜን ኮሪያ ሰብአዊ መብት ልዩ ራፖርተር አንዳንዶቹን አነጋግሮ የተታለሉ እንዳሉ ገልጿል። 8ኛው ተመልሶ አልጻፈም።

9ኛው ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። የማንሱዴ ስም ሲነሳ ዝም ማለት አልቻሉም። አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለውን የትግላችን ሐውልት የሠራ እጅ የዚሁ ድርጅት እጅ ነው። ጊዜው 1984 ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት። እሳቸው ያኔ ወጣት መምህር ነበሩ። ከተማው በቅስትና በመፈክር ሲያጌጥ የኮሪያ ባለሙያዎች ነበሩበት። ተማሪ እየነዱ ለሰልፍ ልምምድ የሚወስዱት እነሳቸው ነበሩ። ልምምዱ ፀሐይ ላይ ነው፣ ደጋግሞ ነው፣ አንድ እግር ከተሳሳተ ሁሉም ከመጀመሪያው። ያኔ የአገራችን ሰሜኑ ክፍል በረሃብ ያልቅ ነበር ብለውም አልፈውታል። ምግብ ቤቱ ውስጥ መብራት ሲቀየር የሚወጡትን ልጆች በቪዲዮ አይተዋል። ያዩት ዘፈን አይደለም፤ ልምምዱን ነው ያዩት። ሌላው ሰው እንከን የለሽ ያለው ነገር እሳቸውን ያስጨነቃቸው ለዚህ ነው።

10ኛው ጋሼ ብሎ፣ አንቱ ብሎ፣ አመስግኖ ገባና ወዲያው ኃይለ ሥላሴ ይሻሉ ነበር ወደሚል ሌላ ዓለም ወሰደን። እዘለዋለሁ። 11ኛዋን ግን አልዘላትም። አያቷ ኮሪያ የዘመቱ ናቸው። ቃኘው ሻለቃ በሜይ 1951 ፑሳን ወረደ፤ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ፤ አንድም ኢትዮጵያዊ ለጠላት አልተማረከም። ደርግ ሲመጣና ፒዮንግያንግ ወዳጅ ስትሆን እነዚያ ዘማቾች በተሳሳተው ወገን የተሰለፉ ሆኑ። ኮሪያ ሰፈር የኖሩት አያቷ ሜዳሊያቸውን ሣጥን ውስጥ ከተው ቆዩ። እሷ እዚያ ቤት ገብታ የምትበላበት አንጀት የላትም። ሌላው ቢገባ ግን አትፈርድም። ለጋሼ 9 ያላት ጥያቄ አንድ ነው፤ ያኔ ስለ ዘማቾቹ በትምህርት ቤት ምን ይባል ነበር? ጋሼ ምንም አይባልም ነበር ብለው መለሱላት። ቁጥሩ ሌላ ቢሆንም መልሱ ከዚህ ጋር ይሂድ ብዬ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። 12ኛው ዳንዶንግ ሄዶ እንደበላ ነገረን። ዳንዶንግ ያሉ የሚባል ወንዝ ዳር ናት፤ ማዶው ሲኑይጁ ነው፣ ሰሜን ኮሪያ። በ1950 አሜሪካኖች የደበደቡት ድልድይ ግማሹ እንደተቆረጠ ዛሬም ቆሞ ይጎበኛል። 12ኛው ድልድዩን ጎብኝቶ፣ ቢራ ቀማምሶ፣ ለእራት ገባ። አስተናጋጇ ትንሽ እንግሊዝኛ ትችላለች። ስለ መሪያችሁ ምን ታስቢያለሽ ብሎ ጠየቃት። ዝም አለች። አገርሽ ሰው ይራባል ይባላል፣ እውነት ነው? ፊቷ ተቀየረ። ሌላ አስተናጋጅ ፈጥና መጥታ በእሷ ቦታ ቆመች። የመጀመሪያዋ እስከ ምሽቱ መጨረሻ ወደ ጠረጴዛቸው አልቀረበችም፤ መድረኩ ላይም አላያትም። ልጁ ይህን እንደ ጀብዱ ነው የጻፈው። ፕሮፓጋንዳውን በአንድ ጥያቄ ሰነጠቅኩት ዓይነት ነገር።

13ኛው አልማረውም። ስድቡን ትቼ ፍሬ ነገሩን ልናገር። አንተ ሒሳብህን ከፍለህ ወጣህ፤ እሷ ግን ወዴት ትወጣለች? እነዚህ ልጆች የሚያድሩት በጋራ ነው፣ ብዙ ጊዜ እዚያው ሕንፃ ላይ። ብቻቸውን አይወጡም። የሚጠብቃቸው ሰው አለ። ሲመረጡም ደህና ከሚባል የፒዮንግያንግ ቤተሰብ ነው፤ ወላጅ አገር ቤት ይቀራል፣ እሱ ነው መያዣው። ከኒንግቦ በኋላ ደግሞ ቁጥጥሩ ጠብቋል። በሷ ፊት መሪዋን ስታነሳ ያሉት ሁሉ ይሰማሉ፤ ምን እንደመለሰች ብቻ አይደለም፣ ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳለችም ይታያል።

14ኛው ራሱ 12ኛው ነው። ተቆጥቷል። ዝም ብሎ የበላና ያጨበጨበ ሰው ከእሱ በምን ይሻላል? ጥያቄ መጠየቅ ወንጀል ከሆነ ሁላችንም የዚያ አገር ዜጋ ሆነናል ማለት ነው። ሰው ከውጭ የሚሰማው አንድ ቃል ሊያነቃው ይችላል ብሎም ያምናል።

15ኛው ጋሼ ናቸው እንደገና። አልተቆጡም፤ ግን ከሁሉ የጠነከረው የሳቸው ነው። ሰሜን ኮሪያ ውስጥ ሰው በየሳምንቱ ስብሰባ ተቀምጦ የራሱን ጥፋት ይናገራል፣ የጓደኛውንም ያጋልጣል። ውጭ የተላኩትም ከዚህ አያመልጡም። እኛም በዘመናችን ሂስና ግለ ሂስ እንለው ነበር፤ መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ቀበሌ አዳራሽ ውስጥ። አንድ ቀን አንድ የውጭ አገር ጎብኚ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ አንዱን መምህር ስለ ደመወዙ ጠየቀው። መምህሩ ሳቅ ብሎ አለፈው። በሚቀጥለው ስብሰባ ያቺ ሳቅ አጀንዳ ሆነች። ምን ማለትህ ነው ተባለ። ለምን ሳቅህ፣ ለምንስ በቁጣ አልመለስክለትም? ጎብኚው ይህን መቼም አላወቀም። አገሩ ገብቶ ስለ ፈገግተኛው መምህር ሳይተርክ አይቀርም። ጋሼ 12ኛውን ልጄ ብለው ነው የጠሩት። ስለዚያች ልጅ እንዲጨነቅ አላዘዙትም፤ ሌላ ጊዜ ሲገባ ስለ ኮምጣጤው ቢጠይቃት ለሁለቱም ይበጃል አሉት።

16ኛው የእኔ ነው። ያልኩት አጭር ነው። ስለ ገንዘቡ ብዙ ተከራከርን፤ ዋናው ነገር ግን ያለው ጠረጴዛው ዘንድ ነው። እንግዳ ለጥያቄው ምንም አይከፍልም፤ ሒሳቡ ለእሷ ነው የሚመጣው። ባለጥያቄው መግባት ከፈለገ ይግባ፣ ካልፈለገ ይቅር። ከገባ ግን እዚያች ልጅ ላይ ድፍረቱን አይሞክር። ስለ አገሪቱ ማወቅ ከፈለገ ከዚያ የወጡ ሰዎች የጻፉት ሞልቷል፤ ማንበብ ማንንም አያስቀጣም።

17ኛው አለሳለስከው ብሎ መጣብኝ። ቤቱ የሚሸጠው እኮ ጨዋነቱን ነው። ሁሉም ሰው በጨዋ ደንብ ቢበላ፣ ቢያጨበጭብ፣ አበባ ቢገዛ፣ ልጆቹ ለሌላ ሦስት ዓመት እዚያው ፎቅ ላይ ያድራሉ። መጠየቁም መጥፎ፣ ዝም ማለቱም መጥፎ ከሆነ የቀረው አለመግባት ነው። ለዚህ የሚሆን መልስ አልጻፍኩም። ክርክሩ ያስኬዳል። ቤቱ ቢዘጋ ግን ልጆቹ የሚሄዱት ወደ ነጻነት ሳይሆን ወደ ልብስ ፋብሪካ ወይ ወደ አገር ቤት ነው፤ እዚያ ላይ እሱም ብዙ አላለም። ብዙዎቹ ወደዚህ ሥራ ለመመረጥ ተወዳድረው እንደሚመጡ የጠቀሰው 18ኛው ነው፤ ውጭ አገር ማየትና ትንሽ ገንዘብ መያዝ ለእነሱ ቀላል ዕድል አይደለም።

19ኛው ሌላ መስኮት ከፈተ። በ2019 ሴኡል፣ ሆንግዴ በሚባለው የወጣቶች ሰፈር አንድ ነጋዴ መጠጥ ቤት ሊከፍት ፊቱን በሰሜን ኮሪያ መፈክርና ፖስተር አስጌጠው። የኪሞቹን ፎቶም ሰቅሎ ነበር። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሰሜኑን ማወደስ በብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ያስጠይቃል። ጫጫታው ሲነሳ ፎቶዎቹና ባንዲራው ወረዱ። 19ኛው ሊል የፈለገው ይሄ ነው፦ ሴኡል ያለው ቤት ፖለቲካን ጌጥ አድርጎ ይሸጣል፤ አስተናጋጁ ሲመሽ ልብሱን ቀይሮ ቤቱ ይሄዳል። ሺታ ያለው ቤት ግድግዳው ላይ የተራራና የፏፏቴ ሥዕል እንጂ መፈክር ላይኖረው ይችላል፤ ፖለቲካው ያለው ሠራተኞቹ ሕይወት ውስጥ ነው። ከጠቅላላው ክር በጣም ያሳሰበኝ ሐሳብ ይህ ነው፤ አለመታደል ሆኖ ማንም አላነሳውም።

20ኛው ፒትስበርግ ውስጥ ከ2010 እስከ 2017 ስለነበረ ኮንፍሊክት ኪችን ስለሚባል ቤት ጻፈ። የሚሸጠው አሜሪካ የተጣላቻቸውን አገሮች ምግብ ብቻ ነበር፤ ኢራን፣ አፍጋኒስታን፣ ኩባ፣ ሰሜን ኮሪያም ተራ ደርሷት ያውቃል። መጠቅለያ ወረቀቱ ላይ የዚያ አገር ሰዎች ስለ ኑሯቸው የተናገሩት ይታተም ነበር። እዚያ መጠየቅ ይቻላል፤ የሚቀጣ የለም።

ከዚያ 21ኛው እሳቱን ለኮሰ። ሰሜን ኮሪያ ድረስ ምን አስኬደን፣ የእኛው ምግብ ቤቶች ምን ሆኑና? ውጭ አገር ያለ የሐበሻ ምግብ ቤት ስትገባ መጀመሪያ የምታየው ባንዲራውን ነው። ልሙጡ ነው? አንበሳው ያለበት ነው? ኮከቡ ያለበት ነው? ወይስ ጭራሽ ሌላ ባንዲራ ነው? ማን እዚያ እንደሚበላና ማን ዞር ብሎ እንደማያይ ከዚያ ይታወቃል። እሱ በሚኖርበት ከተማ ሁለት ቤቶች አጠገብ ላጠገብ አሉ፤ ሽሯቸው አንድ ዓይነት ነው፣ ደንበኞቻቸው ግን ሰላም አይባባሉም። ቀልዶ ነው የጻፈው። ከ22 እስከ 26 ያሉት ግን አልሳቁም። ማን ባንዲራውን አረከሰ፣ ማን ቀድሞ ሰቀለ፣ የማን አባት ምን ነበር። የመድረኩ አስተናባሪ ሁለቱን አጥፍቶ ሦስቱን አስጠንቅቆ ወደ ኑድሉ ተመለሱ አለ። እኔ የምለው፣ ሽሮ እየበላን መንግሥት የምንመሠርት ሰዎች ሆነን ሌላውን ቤት በፖለቲካ ምግብ ቤትነት ማማት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል።

27ኛው ለማብረድ ነው መሰለኝ ስለ ቢራው አወራ። ቴዶንጋንግ የሚባለው የፒዮንግያንግ ቢራ የሚጠመቅበት ፋብሪካ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ትሮብሪጅ በምትባል ከተማ የነበረ የተዘጋ የኡሸርስ ፋብሪካ በ2000 ተገዝቶ፣ ተፈትቶ፣ ተጭኖ ሄደ፤ በ2002 መጥመቅ ጀመረ። 28ኛዋ ደግሞ የኮሪያን ጉዞዋን አመጣች። ደቡብ ኮሪያ፣ ቹንቾን ውስጥ የቃኘው ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ከአጠገቡ ወንዙ ዳር ከ1968 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ ቡና ቤት አለ፤ ንጉሡ መታሰቢያውን ለመመረቅ የሄዱበት ዓመት ነው። ገብታ ጠጥታለች። ቡናው ደህና ነው፣ ዋጋው ግን አገር ቤት ላለ ሰው አይነገርም። 11ኛዋ ይህን አይታ አድራሻውን ጠየቀች፤ ተሰጣት። ከዚህ ክር በጥሩ የወጣ ነገር ካለ ይኸው ነው።

29ኛው ላይ ባለጥያቄው ተመለሰ። ሄደዋል። ልደት የነበረው ልጅ ቻይናዊ ስለሆነ መቅረት ነውር መሰለው። መልሶቹን እስከ 20 አንብቦ ነው የገባው። ኔንግምዮን፣ ድንች ፓንኬክና ከሰል ላይ የተጠበሰ የበሬ ሥጋ አዘዙ። አስተናጋጇ በቻይንኛ ከየት እንደመጣ ጠየቀችው፤ ነገራት። ሩጫ ታውቃለች፤ በእጇ የሩጫ ምልክት አሳየችው። ከጓደኞቹ አንዱ ስለ መሪው ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት እሱ ከጠረጴዛ ሥር እግሩን መታውና ስለ ሰናፍጩ ጠየቃት። ሰናፍጩን በዝርዝር አስረዳችው። ዘፈኑ ደስ ብሎታል። ማጨብጨብ ሲገባው ግን እጁ ከበደው፤ አጨበጨበ፣ ግን ከሌሎቹ ዘግይቶ። አበባ አልገዛም። አሁንም ጥሩ አደረግኩ ለማለት አልደፈረም።

30ኛው ሒሳቡ ስንት መጣ ብሎ ጠየቀ። ልጁ ሺታ ውስጥ ካሉ የቻይና ኮሪያውያን ቤቶች እጥፍ ገደማ ነው አለ፤ ትዕይንቱ ምግቡ ላይ ተጨምሮ ነው። 4ኛው ብቅ ብሎ ለሚሳይሉ ስለረዳኸን እናመሰግናለን አለው። ልጁ የሣቅ ምልክት ብቻ ላከለት። 13ኛውና 12ኛው ግን አሁንም አልታረቁም፤ በግል መልእክት እንዲጨርሱት ተነግሯቸዋል።

የመጨረሻው፣ 31ኛው፣ ክሩን ጭራሽ ያነበበ አይመስለኝም። ከዳንዶንግ ወደ ፒዮንግያንግ በባቡር ለመሄድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ የት እንደሚያወጣ ጠየቀ። አስተናባሪው ለዚህ አዲስ ክር ክፈት ብሎ ይህንን ቆለፈው።